በሐኪሙ እጅ የተገኘው ሲጋራ

ሐኪሙ የሞተው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጨርሶ ይታገድ ወይስ በሕግ ይገደብ በሚለው ክርክር ላይ በምክር ቤት ፊት ሊናገር በነበረበት ዕለት ጠዋት ነው። ጸሐፊዋ የቢሮውን በር ስትከፍት ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። ቀኝ እጁ አዲስ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይዟል።

ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ከሕንፃው ወጣ። ሲያወግዘው የኖረውን ነገር ተደብቆ ሲስብ ሞተ ተባለ። ያፈሩለትም የሳቁበትም ነበሩ።

ምርመራው ባልደረቦቿ «መርፌ» ለሚሏት ኢንስፔክተር ተሰጠ። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የያዘችውን ነገር ሳትበሳ የማትለቅ ሴት ናት። ሲጋራውን በጓንት አንስታ መስኮቱ ዘንድ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የብርቱካን ጭማቂ አየች። ቀጥሎ ወደ መስታወቱ ቁም ሳጥን ዞረች። የዕገዳው ዘመቻ ለማሳያ የሰበሰባቸው ሲጋራዎችና በውስጣቸው የሚሞላው የኒኮቲን ፈሳሽ ጠርሙሶች እዚያ ተደርድረዋል። የአንዱ ጠርሙስ ፈሳሽ ጎድሏል።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም «የገደለው ኒኮቲን ነው» አላት። «ግን በሳንባው አልገባም፤ ጠጥቶታል። ጭማቂው ውስጥም አለ።»

በዚያ ጠዋት ከጸሐፊዋ በፊት ሦስት ሰዎች ገብተው ነበር፤ ሲጋራውን የሚያስመጣው ነጋዴ፣ የሟች ባለቤት፣ እና የዕገዳውን ረቂቅ የጻፈው አብሮ አደጉ ጠበቃ።

ነጋዴው ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ። «ልለምነው ነበር የሄድኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ‹ዛሬ የፈራኸውን ያህል አትሰማም› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

ኢንስፔክተሯ ሲጋራውን አሳየችው። «ጫፉ ላይ ያለችው ላስቲክ ምንድን ናት?»

«መክደኛ ናት። እሷ ካልተነቀለች ጭስም የለው፣ ሽታም የለው። የሚያጨስ ሰው መጀመሪያ የሚነቅለው እሷን ነው።»

የሟች ባለቤት ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እሱ አያጨስም። ይህን የማጨሰው እኔ ነኝ። የትንባሆ ሲጋራ መተው አቅቶኝ ስንገላታ ኖሬ በዚህ ነው የተላቀቅሁት። የደረሰብኝ ጊዜ አኮረፈኝ። ሲቆይ ግን ‹ዕገዳው እንዳንቺ ያለውን ወደ ትንባሆው ይመልሰዋል› ማለት ጀመረ።»

«ሐሳቡን መለወጡን ሌላ የሚያውቅ ነበር?»

«ለጠበቃው ዛሬ ጠዋት ሊነግረው ነበር። እሱ ሳይሰማ ማንም እንዲሰማ አልፈለገም።»

ጠበቃው ጥቁር ለብሶ መጣ። አንዲት ሴት ልጁ ትምህርት ቤት በር ላይ በሚሸጠው በዚሁ ነገር ሳንባዋ ታሞ ካረፈች ወዲህ ሌላ አይለብስም።

«ሐሳቡን ስለመለወጡ ነግሮዎት ነበር?»

«የምን ሐሳብ? በአቋሙ እንደጸና ነው የሞተው። ብቻ ስገባ ክፍሉን የሚንት ሽታ አፍኖት ነበር። እንደሚያጨስ ያኔ ገባኝ። ይኸው እሱንም በላው። አሁንም ማስረጃ የሚፈልግ አለ?»

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም በሟች ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ ሲያጨስ አልሞተም» ብላ ጀመረች። «የሲጋራው መክደኛ አልተነቀለም። እጁ ላይ ያስቀመጠለት ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚከፈት አያውቅም። ነጋዴው ያውቃል፤ የሚሸጠውም እሱ ነው፣ በገዛ ዕቃው ላይ እንዲህ ያለ ስም አያመጣም። የሟች ባለቤትም በየቀኑ ትከፍተዋለች።» ወደ ጠበቃው ዞረች። «እርስዎ ግን በእጅዎ ነክተውት አያውቁም። የሚንት ሽታ አሉኝ። ካልተከፈተ ዕቃ ሽታ ከየት ይመጣል? ሚንት የሚለውን ያነበቡት ሲጋራው ላይ ከተጻፈው ነው። መርዙ የወጣው ከዚያ ቁም ሳጥን ነው፤ ቁልፉ ከሟች ሌላ በእርስዎ እጅ ብቻ ይገኛል።»

ጠበቃው ሲናገር የሟችን ባለቤት እንጂ ኢንስፔክተሯን አላየም።

«በልጄ መቃብር ላይ ቆሞ ቃል ገብቶልኛል። ዛሬ ግን ጭማቂ አቅርቦ፣ እንደ ታማሚ እያባበለ ‹መታገዱ ይቅር› አለኝ። በስልክ ሊነጋገር ወጣ ሲል... በቁሙ ካልመሰከረላት ሞቶ ይመስክርላት አልኩ።»

«ሰምተህ አልጨረስከውም» አለችው ባለቤቱ። «ለልጆች የሚሸጥ እንዲታሰር፣ የሚያማልላቸው ጣዕም እንዲጠፋ ሊጠይቅ ነበር። የልጅህን ስም ሊጠራ ነበር።»



«ልጅህ ስታጣጥር እጇን ይዞ የነበረው እሱ ነው» ብላ ቀጠለች። «አንተ ማየት አልቻልኩም ብለህ ኮሪደር ላይ ነበርክ። አንድም ቀን አንስቶብህ አያውቅም።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ቀና ብላ አላየችውም።