ሳይበጠበጥ የገባው ቤንዚን

ቡሬ ከተማ ከሆነች ጀምሮ እንደዚያ የሚገማ ቤት አልታየም። የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚንና ሬሳ ተደባልቀው ዝንቦች እንኳ ተጸይፈው በሩ ላይ ቆመዋል። በሞተር ማሳደሪያው ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርት አምራቹ ወንድምአገኝ በደረቱ ተደፍቷል። አጠገቡ አገር ያወቃት ማሽኑ አለች፤ በሐይቅ ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት የምትጋለብ አሮጌ ጄት ስኪ። ከነጋዴው ከዘሚካኤል ገዝቷት፣ ውሃ የምትተፋበትን አፍ ከቱቦ አጋጥሞ የመስኖ ሞተር አድርጓታል። ስትነሣ ወንዙን እንዳለ ትመጠው ነበር፤ ታች ያሉት ዓሦች በእግራቸው ለመሄድ ይገደዱ ነበር።

ሳጅን ዘሩ ምርመራውን ከቁርሱ በፊት ጨርሷል። መካኒኩ ያረጋል በካቴና ታስሮ ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ መኪና እንደመጣ ወደ ፍኖተ ሰላም ተወስዶ ሊታሰር ነው። ከመኪናው ቀድማ የደረሰችው ኢንስፔክተር ምሥራቅ ናት። አፍንጫዋ ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ፈረስ ቤት ላይ የማን ጠላ እንደኮመጠጠ ይለያል።

«እንዴት ደረስህበት ሳጅን?»

«ምን መድረስ ያሻዋል ኢንስፔክተር! ይኸ ጉድ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ከልክ በላይ በጠበጠው። ሞተሯ በተዘጋ ቤት ጭሷን ለቀቀች። ሰውየው ታፍኖ ሞተ።»

ምሥራቅ ገባች። ከሞተሯ ጭስ መውጫ፣ ከማርሚታው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ኖራ ተቀብቶ እንደ ቄስ ጥምጥም ነጭ ነው። ጓንት አጥልቃ የሟቹን አፍ ከፈተች። ከጥርሱ መሐል ጥቁር ቅባት የጠጣ ክር ስባ አወጣች።

«ኤዲያ!» አለች፤ ክሩን በላስቲክ ጠቀለለችው።

ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ጣቷን በቤንዚኑ ማጠራቀሚያ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ነከረች። ቤንዚኑ ተነነ፤ ቆዳዋን አድርቆት ሄደ። ከመቀመጫው ሥር ሌላ ትንሽ ክዳን ከፈተች። የዘይት ቋቱ እስከ አፉ ድረስ በጥቁር ዘይት ተሞልቷል።

ወደ ያረጋል ወጣች። «ዘይት እንዴት ነው የምትሰጧት?»

«ከቤንዚኑ በጥብጠን ነዋ። ለአንድ ጀሪካን ግማሽ ጠርሙስ። ድሮ ራሷ ዘይት እየመጠጠች የምትደባልቅበት ፓምፕ ነበራት፤ አምና ሲበላሽ ነቅዬ ጣልሁት። ኸዚያ ወዲህ ቋቱ ውስጥ ሸረሪት አድርቶበታል።»

«ትላንትስ?»

«ሰልባትዮውን አጥቤ ባዶውን ትቼው ሄድሁ። በማርያም፣ አልተመለስሁም!»

«ካቴና የገባ ሁሉ ማርያምን ይጠራል» አለ ዘሩ።

የሟቹ ሚስት ሰብሊ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣለች።

«እትዬ ሰብሊ፣ እግዜር ያጽናዎት። ቤንዚኑን እነማን ይበጠብጣሉ?»

«ባሌ፣ ያረጋል፣ እኔ። ልጅ ብትሆን እንዲያ አልንከባከባት።»

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«የሰው ሞተር ሁሉ እየነከሰ፣ አልዞር እያለ፣ የአገሩ ሽንኩርት ደረቀ። ሰዉ ያረጋልን ይረግማል። ባሌ ግን ‹ቆሻሻ የሚያጠጣንን ደርሼበታለሁ፤ እሑድ በሰንበቴው ፊት አወጣዋለሁ› አለኝ። ስሙን አልነገረኝም።»

ለቅሶ ሊደርስ ዘሚካኤል መጣ። መጀመሪያ ሆዱ ገባ፤ ቆየት ብሎ እሱ ተከተለ። የአገሩን የሞተር ዘይት በሙሉ የሚሸጥ እሱ ነው። ሽቶ የነከረው መሐረብ አፍንጫው ላይ ተለጥፏል።

«ጋሽ ዘሚካኤል፣ ማሽኗ የእርስዎ ነበረች አሉ።»

«ነበረች! ባሕር ዳር ስጋልባት ጉማሬ ብድግ ብሎ ያጨበጭብልኝ ነበር። ኸሸጥኋት ወዲህ ግን በዓይኔም አላየኋት።»

«ዘይት ትወዳለች?»

«የጨዋ ልጅ እኮ ናት! እንደ ገበሬው ሞተር ቅይጥ አትቀምስም። ቤንዚኗን ለብቻ፣ ዘይቷን ለብቻ ነው የምትጠጣ።»

«ሸጋ» አለች ምሥራቅ። ወዲያው ሁለት ፖሊሶች ወደ ነጋዴው መጋዘን ላከች።

ፖሊሶቹ ጆንያ ተሸክመው ሲመለሱ ሁሉንም በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«መኪናው ደርሷል» አለ ዘሩ።

«ይቁም። ያረጋል፣ እስቲ ሞተሯን አዙራት።»

ያረጋል በታሰረ እጁ ታገላት። ንቅንቅ አላለችም። «ነክሳለች! ደርቃ ነክሳለች!»

«ዘይት በዝቶ ቢሆን ግድግዳው ጠቁሮ ቅባት በለበሰ» አለች ምሥራቅ። «ግን ነጭ ነው። ቤንዚኑም ጣቴ ላይ ቅባት አልተወም። ዘይት ያልቀመሰች ሞተር ደግሞ ሰው እስክታፍን አትቆይም፤ ቀድማ እሷው ትሞታለች።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለ ዘሩ።

«ጨርቅ። በተቃጠለ ዘይት የተነከረ ጨርቅ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ያፈነው ሰው፣ አደጋ ለማስመሰል ባዶውን ሰልባትዮ ሞላ፤ ሞተሯን አስነሥቶ በሩን ዘጋ። እዚህ ላይ ግን ተሳሳተ። ዘይቱን ከቤንዚኑ አልበጠበጠም፤ ሸረሪት ያደራበት ቋት ውስጥ ጨመረው። ያረጋልና እትዬ ሰብሊ ፓምፑ እንደተነቀለ ያውቃሉ፤ በእንቅልፍ ልባቸውም ቢሆን ይበጠብጣሉ። ለብቻ ለብቻ የሚያጠጣት፣ የድሮ ጠባይዋን እንጂ የአሁኑን የማያውቅ ነው።»

የሁሉም ዓይን ዘሚካኤል ሆድ ላይ ዐረፈ።

«ወሬ ነው!»

ምሥራቅ ጆንያውን ዘረገፈችው። ዘይት የጠገበ፣ ጫፉ የተተለተለ ጋቢ ወደቀ። ዘሚካኤል ከየጋራዡ የተደፋ ዘይት እየሰበሰበ፣ በዚያ ጋቢ እያጠለለ፣ አዲስ ጠርሙስ ውስጥ ሲሞላ ኖሯል። ጋቢው ላይ በረሮ፣ የሰው ፀጉርና የአይጥ ጭራ ተለጥፏል። ቡሬ በሙሉ በአንድ ጊዜ አፍንጫዋን ያዘች። ምሥራቅ ክሩን ከተተለተለው ጫፍ አጠገብ አኖረችው፤ አንድ ነው።

«ያው ዘይት ነው!» ጮኸ ዘሚካኤል። «ሞተር ምን ያውቃል? ለምኜው ነበር እኮ! በሰንበቴው ፊት አዋርድሃለሁ ሲለኝ ምን ላድርግ?»

ሰብሊ ተነሥታ ፊቱ ላይ ተፋችበት። ማንም አልገላገለም።

ዘሩ አንገቱን ደፍቶ ወደ ያረጋል ቀረበ። ቁልፉን ካቴናው ውስጥ ቢያዞር፣ ቢነቀንቅ፣ አልከፍት አለ። ዙሪያውን ቃኘና ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ ዘሚካኤል የሸጠውን ጠርሙስ አነሣ።

ያረጋል እጁን መንጭቆ ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ኧረ ሳጅን፣ የሱን ዘይት እንዳያደርጉብኝ! ጭራሽ ነክሶ እጄ ላይ ሊቀር ነው!»

ሰብሊ ዕንባዋን ጠርጋ ወደ ቤቷ ገባች። የኑግ ዘይት ይዛ መጥታ ሁለት ጠብታ አደረገችበት፤ ካቴናው ቀጭ ብሎ ተከፈተ።