ለናዋፔት ልጅ የተጓዘው ጠብታ

ነፋሱ ተነሥቶ ተራራውን ዋጠው። የጤና ሠራተኛዋ አኩዋም የክትባቱን ሳጥን ደረቷ ላይ አቅፋ ከተንበረከከው ግመል ጎን ተለጠፈች። የግመሉ ባለቤት ሽማግሌው ሎሙሪያ ጋቢውን ተከናንቦ ከአጠገቧ ያጉረመርማል።

«አንቺን ብዬ አሸዋ ልብላ?»

«ይብሉ አባ፣ ዛሬ ሌላ ምሳ የለም።»

ነፋሱ ሲበርድ ምድር ሁሉ ወተት የፈሰሰባት መሰለች። ሜዳው ላይ የሌለ ሐይቅ ተኝቷል፤ ተራራው ከመሬት ተላቆ ይንሳፈፋል። አኩዋም ግመሉ ላይ ሆና በእንቅልፍና በንቃት መካከል ስትወዛወዝ እህቷ ናዋፔት በሐሳቧ መጣችባት። ፊቷን አዙራ ነበር የመጣችው፣ እንደ ሁልጊዜው።

የናዋፔት የመጀመሪያ ልጅ በተቅማጥ ተሟጦ ሞቷል፤ እሱ ሳይታመም በፊት አኩዋም የተቅማጥ መከላከያውን ጠብታ እንደያዘች ጎርፍ ፈርታ ከወንዙ ዳር ተመልሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ እህቷ አላነጋገረቻትም። አሁን ሌላ ወንድ ልጅ ወልዳለች። የመጀመሪያው ጠብታ የሚሰጥበት ዕድሜ ሊያልፈው ነው፤ እናቱም እሱንም እንዳታጣ ሰግታ ስም እንኳ አላወጣችለትም።

ወንዙ ዛሬም ሞልቷል። አኩዋም ከግመሉ ወርዳ፣ ሳጥኑን አናቷ ላይ ተሸክማ፣ የግመሉን ጅራት ጨብጣ ገባች። ውሃው ደረቷን፣ ከዚያ አንገቷን ያዘ። ከወዲያ ዳር ግንድ የመሰለ ነገር ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ሰጠመ።

«አዞ ነው፣ አትቁሚ!» አለ ሎሙሪያ፤ ውሃውን በዱላው እየደበደበ። ግመሉ አጓርቶ ተፈናጠረ፤ አኩዋምም እየተጎተተች ዳር ወጣች። ሳጥኑ ደረቅ ነበር።

ከዘንባባው ጥላ ሥር ግን ጠመንጃ ያነገቱ ጎረምሶች ብድግ አሉ፤ ከተራራው ማዶ ከብት ሊዘርፉ የሚመጡት ናቸው። አለቃቸው ሳጥኑን ነጥቆ ከፈተና በረዶ አወጣ።

«ይሄ ነገር ይነክሳል» አለ።

«በረዶ ነው። ክደነው ወንድሜ፣ ሙቀት ከገባ መድኃኒቱ ይበላሻል።»

«የምን መድኃኒት?»

«ሕፃን ተቅማጥ ይዞት እንዳይሞት በአፉ የሚሰጠው። ለእህቴ ልጅ ነው።»

በረዶው በጎረምሳው መዳፍ ላይ ቀልጦ በክንዱ ይወርዳል።

«የኔዋ ሕፃን በዚሁ ነው የሄደችው» አለ በመጨረሻ። የቀረችውን በረዶ መልሶ ሳጥኑን በጥንቃቄ ከደነ። ግመሉን ግን ወሰደው።

ሎሙሪያ ሚስትም ልጅም የለውም፤ ያለው ያ ግመል ብቻ ነበር። አኩዋም ይቅርታ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት በዱላው መንገዱን አሳያት።

«ሂጂ። በረዶው ያንቺን ወሬ አይጠብቅም።»

በእግራቸው ሄዱ። የምስጥ ኩይሳዎቹ ከሩቅ የቆሙ ሰዎች እየመሰሏቸው፣ የማያውቁት ዘፈን ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ እየሰሙ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰፈሩ ደረሱ። ናዋፔት ሕፃኑን አቅፋ ጎጆዋ ደጃፍ ተቀምጣለች። ሰላምታ አልሰጠችም።

አኩዋም ሳጥኑን ከፈተች። በረዶው ውሃ ሆኗል፣ ውሃው ግን ገና ይቀዘቅዛል። ብልቃጡ ላይ ያለችውን ምልክት አየች። ሙቀት ቢነካው ትጠቁር ነበር፤ አልጠቆረችም። የብልቃጡን ጫፍ ወደ ሕፃኑ አፍ ስታስጠጋ እሱ ከንፈሩን ገጥሞ አለቀሰ።

በእነሱ ዘንድ ስሙን የሚመርጠው ሕፃኑ ራሱ ነው፤ የቀደሙት ሰዎች ስም እየተጠራ ጡት ይሰጠዋል፣ ሲጠባ የተጠራው ይጸናለታል። ናዋፔት እህቷን ሳታይ፣ ጠብታው እንደ ጡት ይሁንለት ብላ የአያቶቿን ስም መጥራት ጀመረች። በአንዱም አፉን አልከፈተም። የምሽቷ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋችው ነበር።

«አባ ሎሙሪያ፣ እስቲ ፀሐይዋን ይከልሉልኝ» አለች አኩዋም።

የሽማግሌው ጥላ ወደቀ፤ ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ጠብታውን ጠባ፣ ዋጠው፣ ከንፈሩንም ላሰ።

ናዋፔት ሳቀች። «በቃ፣ መረጠ።»

«ምኑን?» አለ ሎሙሪያ።

«ስሙን ነዋ። የእርስዎን።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ግመሌን ሰጥቼ ልጅ አገኘሁ እንዴ?» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ናዋፔት ያኔ ቀና አለች። «የሚቀጥለው ጠብታ መቼ ነው?»

«ጨረቃዋ ዞራ ስትመለስ።»

«ወንዙ ቢሞላስ?»

«አሁን ከወንዙ ጋር ተዋውቀናል» አለች አኩዋም።

ናዋፔት ከተቀመጠችበት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ ትንሹን ሎሙሪያንም እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላት።