የምድጃው ሽቦ

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተካልኝ ማክሰኞ ጥብስ በልቶ አርብ ሞተ። ሐኪሙ ሆዱን ሲከፍት አንጀቱን የበሱ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች አገኘ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ያለው የወይዘሮ ንግሥቲ ጥብስ ቤት ታሸገ፤ ጠባሹ እሸቴም «ፀረ አብዮት» ተብሎ ታሰረ። የሟቹ ምክትል ገመዳ እሸቴ ሰኞ እንዲረሸን ወስኖበታል። መርማሪው መቶ አለቃ ላጲሶ እስከ እሑድ ማታ ጊዜ ተሰጠው፤ በዚያ ዘመን ይህም እንደ ደግነት ይቆጠር ነበር።

ላጲሶ በቅድሚያ እስረኛውን ጠየቀ።

«የምድጃውን ፍርግርግ በሽቦ ብሩሽ ነው የምታጸዳው?»

«ድሮ ነዋ ጌታዬ! አምና አንዲት ሽቦ ከብሩሹ ወልቃ ሥጋው ላይ ተጣብቃ ኖሮ የአንድ ደንበኛ ጉሮሮ ውስጥ ተሰካች። ሰውየው ለትንሽ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ በሽንኩርት ነው የምወለውለው። ብሩሹ ጓዳ ተጥሏል።»

ላጲሶ ጥብስ ቤቱን አስከፍቶ ገባ። ፍርግርጉ እውነትም ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ብሩሹን ከጓዳ አወጣና አንዲት ሽቦ በጉጠት ነቀለ፤ ሥሯ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ወጣ። ከሟቹ ሆድ የወጡት ግን ቀጥ ያሉ ነበሩ። የብሩሹ አንድ ጥግም እንደ ጠጉር ተከርክሟል። ብሩሹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቀበሌው ሄደ።

ገመዳ ገና ሳይሾም በሟቹ ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል።

«ተካልኝ ማክሰኞ ከማን ጋር በላ?»

«ከእኔ ጋር፣ ከአንድ ሳህን።»

«ታዲያ ሽቦው አንተን እንዴት ማረህ?»

«እኔን ልትጠረጥረኝ ነው ጓድ መቶ አለቃ?»

«ያጎረሰው ሰው ነበር?»

«ንግሥቲ ናታ! ‹አንድ ያጣላል› እያለች ሦስቴ አከታተለችለት፣ አፉ እስኪሞላ። አጠገቡ ተቀምጬ ለእኔ አንድ እንኳ አልዘረጋችም። እንዲህ ያለ ነውር አይቼ አላውቅም!»

ለላጲሶ ይህ ቅሬታ ከምስክር ቃል በላይ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ጥብስ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ እሸቴ በካቴና፣ ገመዳ ሽጉጡን ታጥቆ፣ ንግሥቲ በነጠላዋ ተሸፋፍና።

«ከብሩሹ የሚወልቅ ሽቦ ሥሩ የታጠፈ ነው» አለ ላጲሶ። «እነዚህ በመቀስ የተቆረጡ ናቸው፤ ስለዚህ አደጋ አይደለም። እሸቴ ሳህኑ ላይ ቢበትናቸው የትኛው ቁራጭ ለማን እንደሚደርስ አያውቅም። የሚቀረው ጉርሻ ነው። ሰው ያጎረሰንን ገልጠን አናይም፣ ነውር ነው፤ አፍ ስለሚሞላም በደንብ ሳይላመጥ ይዋጣል። ሦስት ጉርሻ፣ ሦስት ሽቦ። እትዬ ንግሥቲ፣ እርስዎ እንግዳ ማስተናገድ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ከአንድ ገበታ አንዱን አጉርሰው ሌላውን ያለፉት ለምንድን ነው?»

ንግሥቲ ገመዳን ቀና ብላ አየችው።

«እሱ ልጅ አልገደለብኝማ።»

ገመዳ ወደ ሽጉጡ እጁን ሲሰድ ላጲሶ ክንዱን ያዘው።

«ልጄን ሐዱሽን ከዚህ ቤት የወሰደው ተካልኝ ነው» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጠዋት ኮተቤ መንገድ ዳር ተጥሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየመጣ ‹እጅሽ ይባረክ› ይለኛል! ሁለት ዓመት ሙሉ አበላሁት። የእኔ አንጀት ሁለት ዓመት ተበሳ፤ የእሱ ሦስት ቀን ቢበሳ ምን ይለዋል? አይቆጨኝም። የቆጨኝ እሸቴ ነው፤ ነገ በማለዳ መጥቼ ልናገር ነበር።»

ላጲሶ የእሸቴን ካቴና ፈታ። ንግሥቲ እጆቿን ዘረጋችለት።

«የሚሉት ነገር አለ?»

«አንድ። ያን ቀን ተካልኝ ‹ካለቀስሽ ትከተይዋለሽ› ብሎኝ ለልጄ አላለቀስኩለትም።»

ላጲሶ ካቴናውን ኪሱ ከተተው።

«ያልቅሱ።»

ገመዳ አፉን ሲከፍት ላጲሶ «ዝም በል!» አለው።

ንግሥቲ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ደረቷን መታ መታ አድርጋ የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ በአንድ ይገቡ ጀመር።