የማጠፊያው ጥፋት

«አንቺ! የምር ተኝተሻል?»

ዌንሹ ቀና አላለችም። የቀትር ዕረፍት ነው፤ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ግንባሩን በክንዱ ላይ አሳርፎ በየጠረጴዛው ተደፍቷል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ከጣሪያው ሥር ማራገቢያው ደክሞት ይመስል በዝግታ ይዞራል። በዚህ ሰዓት መነጋገር ክልክል ነው፤ መተኛት ግን ግዴታ ነው። ዌንሹ ከትናንት ማታ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዐይኗ አልዞረም።

ጓደኛዋ ሲዩ በእርሳስ ጫፍ ክርኗን ወጋ አደረገቻት። «የማጠፊያውን ነገር አንቺ ነሽ የምትናገሪው። እኔ ከተናገርኩ ሳቄ ያመልጠኛል።»

«ዝም በይ፤ መምህርት ሊያዎ ይሰሙናል።»

«ስታካብጂ! ‹ማጠፊያው ደካማ ነው፤ ይጠንክር› ነው የምትይው፤ በቃ። ሰውዬው አመስግኖን ይሄዳል።»

ሰውዬው ላፕቶፖቹን ከሠራው ድርጅት የሚመጣው መሐንዲስ ነው። ትምህርት ቤቱ በዚህ ዓመት ለሙከራ የተቀበላቸው ላፕቶፖች ትንንሽ ናቸው፤ ስክሪናቸው ከኪቦርዱ ጋር በተያያዘበት ማጠፊያ ወደ ኋላ ዞሮ ሲታጠፍ ታብሌት ይሆናሉ። ባትሪም ይሁን ኪቦርድ ቢበላሽ ተማሪው ራሱ በአንድ ካቻቪቴ ፈትቶ ይለውጠዋል። ድርጅቱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተማሪዎቹ ተጠቅመውባቸው ምን ቢሻሻል እንደሚወዱ እንዲነግሩት። የሚነግሩበት ቀን ዛሬ ነው።

የእነዌንሹ ቡድን የሚመኘው አላጣም። ዌንሹ ታናሽ ወንድሟ በተኛበት ክፍል በጨለማ ስለምትጽፍ ፊደሎቹ የሚያበሩ ኪቦርድ ትፈልጋለች። በፀሐይ የማይደበዝዝ ስክሪንም ተመኝተዋል። ከሁሉ በላይ ግን በስክሪኑ ላይ ለሚጻፍበት ብዕር ማደሪያ የሚሆን ቦታ ከላፕቶፑ ጎን እንዲበጅለት ይሻሉ፤ ብዕሩ ሁልጊዜ ይጠፋልና። ሐሰቱ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የየቡድኑ ምኞት በሰፈረበት ሰሌዳ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው የማጠፊያው ምኞት ነው።

ነገሩ የሆነው ሰኞ ዕለት፣ ከሒሳብ ፈተና በፊት ነበር። ሲዩ ላፕቶፗ በፈተናው እንዳያስቸግራት፣ ለማሽን መልካም ገድ ነው የሚባለውን፣ የበቆሎ ጥብስ ያለበትን አረንጓዴ ከረጢት ገዝታ መጣች። የሲዩ እናት በምትሠራበት ሆስፒታል እንኳ መሣሪያዎቹ እንዲታዘዙ ይህ ከረጢት በላያቸው ይቀመጣል፤ ቢጫው አይሆንም፣ ቀኑ ያለፈበትም አይሆንም፤ ማሽኑን የሚጠብቀውን መብላትማ ነውር ነው። ሲዩ ግን «ከላይ ባስቀምጠው እነዚህ ሆዳሞች ይበሉብኛል» ብላ በስክሪኑና በኪቦርዱ መካከል አስገባችውና ላፕቶፗን ተጭና ከደነችው። ከቦርሳዋም ከተተችው። በዕረፍት ሰዓት ሁለቱም ቦርሳውን ተደግፈው እየተሳሳቁ ተቀመጡ። ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

የተነፋው ከረጢት ማጠፊያውን ሰንጥቆት ነበር። ሲዩ ፊቷ ዐመድ መሰለ። በቸልተኝነት የሰበረ ላፕቶፑን ይመልሳል ተብሎ ተነግሯቸዋል። ከዚያ ማንም እንዳያገኝባቸው ደረጃው ሥር ገብተው የከረጢቱን ጥብስ ከነሐፍረታቸው በሉት፤ ግማሹን ሲዩ፣ ግማሹን ዌንሹ። ከሰዓት በኋላ ሲዩ ለመምህርቷ «ስከፍተው በራሱ ጊዜ ተሰነጠቀ» አለች። ዌንሹም አጠገቧ ቆማ ዝም አለች።

ትናንት ማታ አባቷ ከሥራ ሲመለስ የኑድል ሾርባውን ሳይጨርስ፣ መብያ እንጨቶቹን እንደ ያዘ አሸለበ። ሹሊን በሚባለው ሰፈር፣ የላፕቶፕ ማጠፊያ በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ማጠፊያ መፈተሽ ነው ሥራው። ዌንሹ ሳህኑን ልታነሣለት ስትል ነቃ።

«ቅዳሜ አጎትሽ ይወስዳችኋል» አላት። «እኔ መቅረቴ ነው።»

«አባዬ፣ የአያዬን መቃብር የምንጠርግበት ቀን እኮ ነው! ቀርተህም አታውቅም።»

«ምን ላድርግ ልጄ? ከአንድ ትምህርት ቤት ስሞታ መጣ፤ የትኛው እንደ ሆነ አልነገሩንም፤ የትንሿ ላፕቶፕ ማጠፊያ በራሱ ጊዜ ተሰነጠቀ አሉ። ሁላችንም ገብተን እንደ ገና እንድንፈትሽ ታዘናል።» ዐይኑን በመዳፉ አሸ። «ወፍራም አድርጉት ካሉን ደግሞ ከጎኑ ለብዕሩ የታሰበችውን ቦታ መብላቱ ነው። እኔን የገረመኝ ግን እንዴት እንዳመለጠኝ ነው። ሺሕ ጊዜ ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። ምናልባት እጄ አርጅቷል።»

ለመቃብሩ ሣር የሳለው ማጭድ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ዌንሹ ወደ ማጭዱ እንጂ ወደ አባቷ ማየት አልቻለችም።

የቀትር ዕረፍቱ አብቅቶ የጽዳት ደወል ተደወለ። ተማሪው እያዛጋ ተነሥቶ ባልዲና መወልወያውን አነሣ። የዚህ ሳምንት የሰሌዳ ተራ የዌንሹ ነው፤ መምህርት ሊያዎ «የየቡድኑን ምኞት እንዳትነኪብኝ፤ እንግዳው ሊያነበው ነው» ብለዋት ወጡ። በሲዩ የሚያምር ጽሕፈት የተጻፈው የቡድናቸው የመጀመሪያ ምኞት ፊት ለፊቷ ነበር፤ ጠንካራ ማጠፊያ።

ዳስተሩን አነሣች። ከዚያ ያን አንድ መሥመር ጠረገችው።

«ምን ነካሽ?» ሲዩ መወልወያዋን እንደ ያዘች ደረሰች። «አብደሻል እንዴ?»

«አባዬ ነው የሚፈትሸው።»

«ምኑን?»

«ማጠፊያውን። ቅዳሜ የአያቴን መቃብር ትቶ ሊፈትሸው ነው። የእሱ ጥፋት መስሎታል።»

ሲዩ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እኔም በልቻለሁ እኮ።»

«ላፕቶፑን ይወስዱብኛል፣ ሹ። ቤት ያለው የእማዬ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱንም ለሌሊት ሥራ ስትሄድ ይዛው ትወጣለች።»

«ዐውቃለሁ።» ዌንሹ ዳስተሩን አስቀመጠች። «ሁለታችን ሰበርነው ነው የምለው። ቦርሳውን እኔም ተደግፌበት ነበር። የእኔን ካልወሰዱብኝ በየተራ እንሠራበታለን።»

«ማንም አልጠየቀንም እኮ!»

«የከበደኝ እሱ ነው፤ ሳይጠይቁ ማመናቸው።»

ከኮሪደሩ የመምህርት ሊያዎ ድምፅና የማያውቁት ወንድ ሳል ተሰማ። ሲዩ ጀርባዋን ሰጥታት ቦርሳዋን ከፈተች። ለዛሬው ቀን የገዛችውን አዲስ አረንጓዴ ከረጢት አውጥታ በተከደነው የዌንሹ ላፕቶፕ ላይ ቀስ ብላ አኖረችው።

«ከላይ» አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሲቀመጥ ከላይ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ዌንሹ ስሟ እስኪጠራ አልጠበቀችም። የጠመኔውን ብናኝ ከመዳፏ አራግፋ ወደ እንግዳው ሄደች።