ዳዊቴ ውስጥ የሰነበተችው ቁራጭ

ሟርትና ምትሃት የሚያወራ ሰው ቤቴ ሲመጣ ወሬውን አስቀይረዋለሁ፣ ጎረቤት ዛር ምናምን ማለት ሲጀምር እንኳ "ተዉኝ እባካችሁ" ብዬ የምነሳ፣ በአንድ እግዚአብሔር ብቻ የማምን ሴት ነኝ፣ ይኼን የምነግራችሁም በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ልጄ ሕሊና እዚሁ ቦንጋ ፊዚክስ ታስተምራለች። ምን እንደምትመራመር ስጠይቃት፣ "እማዬ፣ የሸክላ ድስት በጠጠር ብትመቺው ስባሪው በየአቅጣጫው ይበተን የለ? እኛም ፕሮቶን የሚባል ደቃቅ ነገር የወርቅ አቶም አስኳል ላይ ሲወረወር፣ የአስኳሉ ስባሪ የት ድረስ እንደሄደ ነው የምንለካው" አለችኝ። ውርወራው ውጭ አገር ባለ ማሽን ነው፣ ስባሪው ያለፈባቸው ትንንሽ ፕላስቲኮች ግን ለእሷ ይላካሉ፣ ሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ስትዘፈዝፋቸው የማይታየው ዱካ ይከፈታል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያየች ትለካዋለች። ክረምት ከበጋ ዓይኗ እስኪቀላ ለካች።

አብሯት የሚሠራ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ዶክተር ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል። የለካችውን ሁሉ ወስዶ በራሱ ስም ብቻ ጽፎ ለመጽሔት ላከው። ልጄ ስትሰማ አላለቀሰችም፣ ምግብ ነው ያቆመችው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዳዊቴን ገልጬ፣ ስሙን እየጠራሁ፣ "የወሰደው የዓይኗን ልፋት ነው፣ በዓይኑ ክፈለው" እያልኩ ለመንኩ።

ዳዊቱ ውስጥ አንዲት ፕላስቲክ ነበረች። ሕሊና ቀደም ብላ፣ "ይቺ ማሽኑ ጋ ያልሄደች ባዶ ናት፣ ሌሎቹን የምናስተያይባት፣ እንዳትጫር ደህና ቦታ አስቀምጪልኝ" ብላ ሰጥታኝ ነበር፣ እኔም ከዳዊት የተሻለ ደህና ቦታ አላውቅምና በጠላት ላይ የሚጸለየው መዝሙር ላይ ሸጎጥኳት። አንድ ቀን ስደግም፣ እመኑኝ፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጥፍር ጥፍርን ሲመታ ዓይነት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ ብዬ ወጥቼ ባይ ፀሐይ ነው። በማግስቱም ስሙን ስጠራ ጠቅ አለ፣ ስተው ዝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰውየው ራሱ ደጄን አንኳኳ።

"እትዬ ዘነበች፣ ያቺ ባዶዋ ቁራጭ እርስዎ ጋ ናት አሉኝ። ጽሑፉን የሚገመግሙት ሰዎች ጠይቀውኛል።"

"ሌላውን ሁሉ ወስደህ የለ?"

"ኧረ እትዬ! ስሟን እኮ ምስጋናው ላይ አስገብቻለሁ" ብሎ ሳቀ።

"ምስጋና ለእግዚአብሔር ነው" አልኩና ዳዊቱን ከፍቼ ቁራጯን ሰጠሁት። ጣቱ ሲነካት ጠቅ አለች። እሱም ሰምቶ እጁን አየ።

ሕሊና ተቆጣችኝ። "እማዬ፣ የቀረችኝ እኮ እሷ ብቻ ነበረች!"

"ይውሰዳት" አልኳት።

ሰኞ ዕቃዋን ከቤተ ሙከራው ልታወጣ ስትሄድ ተከተልኳት። ዶክተሩ ቁራጯን እንደ ሌሎቹ በሶዳው ዘፍዝፎ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቷል።

"ምንድን ነው የሰጣችሁኝ? ይቺ ባዶ አይደለችም።"

"ባዶ ናት" አለችው ልጄ።

"ነያ፣ እዪዋ!"

ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ እኔን ጎተተችኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳይ፣ ከአንዲት ነጥብ የተበተኑ ጥቁር ስንጥቆች፣ ልክ ጠጠር እንደመታው መስተዋት።

"ከመሬት የሚወጣ ጋዝም ዱካ ይተዋል" አለች ቀስ ብላ፣ "ግን እንዲህ ረጅም አይሆንም። ይኼ የወርቅ አስኳል ስባሪ ነው የሚመስለው። ይቺ ደግሞ ማሽኑ ጋ ሄዳ አታውቅም።"

"ልለካው" ብሎ ሰውየው ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰ። ዓይኑን እንዳስጠጋ ጠቅ ሲል ሦስታችንም ሰማን። ቀኝ ዓይኑን ይዞ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

"መብራቱን አጥፉልኝ!"

ሕሊና የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋች።

"አሁንም አለ" አለ። "ስጨፍንም አለ።"

ጅማ ሄዶ ሐኪሞቹ ዓይንህ ደህና ነው አሉት። እሱ ግን በሚያየው ነገር ሁሉ ላይ ያ ስንጥቅ ይታየዋል። ገምጋሚዎቹ ልኬቱ ይደገም ሲሉት የሚለካበት ዓይን የለውም፣ ለልጄ ደወለ። "ሕሊና፣ ስምሽ ከፊት ይግባ፣ ብቻ አንቺ ለኪው" አላት። ገባ፣ አየሁት፣ ስሟ ከፊት ነው። ተመስገን። አዘንሽለት ወይ ብትሉኝ፣ አላዘንኩም።

ልጄ መብላት ጀመረች። ሰሞኑን ሌላ ባዶ ቁራጭ አምጥታ፣ "እማዬ፣ ለድጋሚው ልኬት ናት፣ አደራ፣ ዳዊቱ ውስጥ እንዳታስገቢብኝ" ብላ ሳቀች። እኔም በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከዳዊቱ አርቄ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት።

ዛሬ ጠዋት ለምስጋና ቆምኩ። በማንም ላይ ክፉ አልለመንኩም፣ "ልጄን ሕሊናን ጠብቅልኝ" ነው ያልኩት።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጠቅ አለ።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ቁራጯን ልትወስዳት ነው። እስካሁን በጸሎቴ ስሟን ደግሜ አልጠራሁም።