ምኞት ወይስ ጥማት

ተማሪዎቹ «ቡድሃው» የሚሉት የፍልስፍና መምህር በመማሪያ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ በጠረጴዛው ጠርዝ ተመትቷል፤ ጣቶቹ ጠመኔ ነክቷቸዋል። ከሰሌዳው አናት፣ እጁ በማይደርስበት ቦታ፣ «የመከራ ሥር ጥማት ነው» ብሎ ጽፏል።

«ወንበር ላይ ቆሞ ሲጽፍ ወድቆ ነው» አለ ጥበቃው።

መርማሪዋ ወንበሩን ፈለገች። ጠረጴዛው ሥር በሥርዓት ገብቷል።

«ሬሳ ወንበር ይመልሳል እንዴ?»

አስከሬኑን ያገኘችው የመምህሩ ረዳት ናት። ጮኸች፤ ጥበቃው ደርሶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከበሩ አልተነቃነቁም፤ ከመርማሪዋ በቀር የገባ የለም። መርማሪዋ ቃል የምትቀበለው ትይዩ ባለው ክፍል ነው።

የሟቹ ሚስት ገና ሳትቀመጥ በር ላይ ወደቆመችው ረዳት ጣቷን ቀሰረች። «እሷን እሰሪያት! ጠዋት ማታ ከባሌ ሥር አትጠፋም። እኔን ግን ‹የመከራ ሥር ምኞት ነው፤ ቅናትሽን ተይ› እያለ ይሰብከኛል።»

«ምኞት ነው የሚለው፣ እትዬ?»

«ከተጋባን ጀምሮ! ምኞት፣ ምኞት! ጆሮዬ እስኪደነቁር።»

ቀጥሎ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ገባ። አብረው ተምረው አብረው ተቀጠሩ። የሟቹ ክፍል እስከ መስኮቱ ሲታጨቅ የሱ ግማሹ ባዶ ነው፤ ተማሪዎች «ጥላው» ይሉታል።

«ዛሬ እዚያ ክፍል ድርሽ አላልኩም፤ ከቢሮዬ አልወጣሁም።»

«ትምህርቱ ምን ነበር?»

«የቡድሂዝም መነሻ። አንድ ልዑል ተንደላቆ ያድጋል። ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሬሳ ሲያይ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ይወጣል፤ ‹መከራ ከየት መጣ?› ብሎ። እኔም አስተምረዋለሁ፤ ሰሚ አጣሁ እንጂ።»

«ትጣሉ ነበር?»

«ተይኝ እባክሽ! በጥንቱ ቋንቋ ቃሉ ውሃ የጠማው ሰው ጥማት ነው፤ ‹ምኞት› አይበቃውም ብዬ ለፈለፍኩ። ዕድሜ ልኩን ሲስቅብኝ ኖሮ፣ አሁን ጥማት የራሱ ሆነ!»

መርማሪዋ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ወንበሩ ተመልሷል፤ ስለዚህ ሲወድቅ አጠገቡ ሰው ነበር። ‹ምኞት› ሲል የኖረው መምህር ‹ጥማት› ብሎ የጻፈው ዛሬ ነው። ሚስቱ እንኳ አልሰማችም።» ወደ ጥላው ዞረች። «ክፍሉን ካልረገጡ፣ ‹ጥማት› ማለቱን ማን ነገረዎት? ቃልዎን ሲጽፍ አዩ፤ ገፉት። ከዚያ እጅዎ በልማዱ ወንበሩን መለሰ። መምህር ነዎታ!»

«ቢሮዬ ነበርኩ አልኩሽ!»

ረዳቷ ቀና አለች። «አልነበሩም። መምህሩ እርስዎን እንድጠራ ልኮኝ ስመጣ ቢሮዎ ባዶ ነበር። ስመለስ ነው ሞቶ ያገኘሁት።»

«እኔን? ለምን?»

«‹ተሳስቼ ነበር፤ ቃሉን ያቀናልኝ እሱ ነው ብዬ ለተማሪዎቹ እነግራለሁ፤ ቆሞ ይስማ› ብሎ።»

ሚስትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጥበቃው የጥላውን ክንድ ያዘ። ጥላው ግን ረዳቷን ብቻ ያያል።

«ሁሉም ተማሪ ፊት?» አላት።