በግድግዳው በኩል ያሉት ሁለት ጓንቶች

ሰዓቱን የምነግራችሁ ከትዝታዬ አይደለም፤ ከመሣሪያው መዝገብ ላይ ገልብጬ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2016፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ደብረ ማርቆስ።

ያመነኝ ሰው እስካሁን የለም። እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም።

ግን ሆኗል...

አምደሚካኤል እባላለሁ። ሥራዬ የአንድ ቤተ ሙከራ መሣሪያዎችን መጠበቅ ነው። ቤተ ሙከራው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ መስታወት ላይ የሚቀባ፣ ከፀጉር የሚቀጥን ጥቁር ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ እርጥበት ከነካው ቢጫ ሆኖ ይበላሻል። ስለዚህ የሚሠራው በጓንት ሣጥን ውስጥ ነው።

የጓንት ሣጥን ቁም ሣጥን የሚያህል፣ መስታወት ያለው፣ ናይትሮጅን የተሞላ የብረት ሣጥን ነው። አየር አይገባውም። መስታወቱ ላይ እስከ ክንድ የሚደርሱ ጥቁር የጎማ ጓንቶች ተተክለዋል። ሠራተኛው እጁን ከውጭ በጓንቱ ያስገባና ውስጥ ይሠራል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ።

የሣጥኑ ግፊት ከክፍሉ ይበልጣል። ማንም በማይሠራበት ጊዜ ጓንቶቹ ተነፍተው ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። ጓንት ወደ ውስጥ የሚገባው የሰው እጅ ሲገፋው ብቻ ነው።

ጥበቃው ጋሽ ታረቀ በበሩ ባለፉ ቁጥር ይቀልዱብን ነበር። ሣጥናችሁ ዛሬም እጁን ዘርግቶ ይለምናል፣ ምነው አንድ ነገር ብትሰጡት ይሉናል። እንስቅ ነበር።

ሣጥኑ ፊት ለፊት ለሚቆሙ ሁለት ሰዎች የተሠራ ነው። ሁለት ጓንት ከፊት፣ ሁለት ጓንት ከኋላ። ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ የኋላውን ከግድግዳ አስጠግተነዋል። የኋላዎቹን ቀዳዳዎች፣ ጓንቶቹን ሳልነቅል፣ ከውጭ በብረት ክዳን የዘጋኋቸው እኔ ነኝ። በየክዳኑ ስድስት ስድስት ብሎን። በክዳኑና በግድግዳው መሃል አራት ጣት አይገባም።

ለክቼዋለሁ።

በሣጥኑ የምትሠራው ሕሊና የምትባል የደምበጫ ልጅ ናት። ስምንት ወር የለፋችባቸው አሥራ ሁለት ናሙናዎች ውስጥ ነበሩ። ሰኞ አዲስ አበባ ወስዳ ካላስለካቻቸው የሁለተኛ ዲግሪዋ ነገር አበቃ ማለት ነው። አንዴ ጊዜ ጨምረውላታል፤ ሁለተኛ እንደማይጨምሩላት በደብዳቤ ነግረዋታል።

የመጀመሪያውን ያየሁት ማክሰኞ ነው።

እጅ ሲገባ የሣጥኑ ግፊት ትንሽ ከፍ ይላል፤ መሣሪያው ይህን በመስመር ይቀርጸዋል። በምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ... መስመሩ ላይ ሁለት ጉብታ።

እንደ ሁለት እጅ።

መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ቀየርኩት።

ረቡዕም ሁለት ጉብታ። ሣጥኑ ውስጥ ከፊት ያስቀመጥነው ወረንጦም በግድግዳው በኩል ተቀምጧል። ጫፉ ወደ ግድግዳው፣ እጀታው ወደ እኛ ዞሮ...

ሰው ለሰው ሲያቀብል እንደሚያዞረው።

ለሕሊና ስነግራት ሳቀችብኝ። የፍልሰታ ጾም ራስህን አዙሮታል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ መስመር አትቁጠር አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሸፈነው። ክረምት ስለሆነ ተማሪ የለም። እኔ የጋዝ ሲሊንደር ልቀይር ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ሕሊና ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራለች።

ደንብ አለን። ብቻውን የሚሠራ ሰው አንድ እጁን ብቻ ያስገባል፤ ሌላው እጁ ከውጭ፣ ከቀዩ የጋዝ ማቆሚያ አጠገብ ይሆናል። ቀለበትም ይወልቃል፣ ጎማ ይቀድዳልና። ደንቡን ጽፌ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሲሊንደሩን ሳጠብቅ ድምፅዋን ሰማሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አምዴ።"

"ለምኑ?" አልኳት ከኮሪደሩ።



"አምዴ... የት ነህ?"

"ኮሪደር ነኝ።"

"ታዲያ... ናሙናውን ማን ነው ያቀበለኝ?"

ሮጬ ገባሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ስትሠለጥን ከማዶዋ ሁልጊዜ ሰው ይቆም ነበር። ማጉያ መነጽሩ ላይ ካቀረቀረች ደግሞ የት እንዳለች ትረሳለች። ከማዶ አንድ እጅ ናሙናውን ሲዘረጋላት ቀና አላለችም። ግን በአንድ እጅ የሚቀበል ልጅ ያልተቀጣ ነው ተብላ ነው ያደገችው...

ግራ እጇንም አስገብታ፣ በሁለት እጇ ተቀበለች።

የኋላዎቹ ጓንቶች ሞልተው ነበር። ጣታቸው፣ አንጓቸው፣ ክንዳቸው። ከግድግዳው በኩል መጥተው የሕሊናን ሁለት እጆች ይዘዋል።

"አልለቅ አለኝ" አለች በሹክሹክታ።

"ሳቢው።"

"ስስብ ያጠብቃል። አምዴ... ይሞቃል።"

ቀዩን ማቆሚያ ተጫንኩ። ጋዙ ቆመ፤ መለኪያው ወረደ። የያዟት እጆች ግን አልላሉም።

ምላጭ አነሳሁ።

"አትቁረጥ" አለች። "አየር ይገባል... ስምንት ወር ነው፣ አምዴ።"

ጎማው ሲንቋቋ ሰማሁ። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገባ። ጉንጯ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ዓይኗን ከናሙናዎቹ ላይ አንስታ ጨፈነችው።

"ቁረጠው።"

ሁለቱንም ጓንቶች ከትከሻዋ ሥር ቆረጥኳቸው። እጆቿ ከእጅጌ እንደሚወጡ ሾልከው ወጡ። ወለሉ ላይ ተያይዘን ወደቅን።

ቀና ስንል የኋላዎቹ ጓንቶች ተጨማደው ክዳናቸው ላይ ተለጥፈዋል። ጭጋጉ በተቆረጠው ቀዳዳ ይገባል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሁለቱም ናሙናዎች ቢጫ ሆኑ።

ሕሊና አላለቀሰችም። ግራ እጇን ብቻ አየች። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የታሰረላትን የቃል ኪዳን ቀለበት ሳታወልቅ ነበር የገባችው። ቀለበቱ ተቆርጦ በቀረው ጓንት ጣት ውስጥ ቀርቷል። ላውጣልሽ ስላት ይቅርብኝ አለች። የዚያኑ ዕለት በሚኒባስ ደምበጫ ገባች። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ታረቀን ጠርቼ ሣጥኑን ከግድግዳው ሳብነው።

ክዳኖቹ እንደተዘጉ ናቸው። አሥራ ሁለቱን ብሎኖች አንድ በአንድ በመፍቻ ሞከርኳቸው። አንዱም አልላላም። ግድግዳው ላይ ጭረት እንኳ የለም።

"አምደሚካኤል..." አሉኝ ጋሽ ታረቀ ከፊት ለፊት ቆመው። "ምንድን ነው የሰጣችሁት?"

ዞሬ መጣሁ።

የተቆረጡት ጓንቶች ሣጥኑ ውስጥ ወድቀዋል። የግራው ጣቶች አንድ በአንድ ተገልብጠዋል፤ የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ኪሱን እንደሚገለብጥ። ቀለበቱ የለም።

ጋዝ የለም። ግፊት የለም። ከኋላ የነበርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

የኋላዎቹ ጓንቶች ግን ሞልተዋል። የግራው የቀለበት ጣት ላይ፣ ከጎማው ሥር፣ ክብ ጉብታ ይታያል።

ሁለቱም ጎን ለጎን ተጠግተው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው... እንደ ተቀጣ ልጅ፣ በሁለት እጅ ለመቀበል ተዘርግተዋል።